ብርማው ጉጉት ጭምብሉን ያጣበት እሁድ

ውድ አበልጄ ፊደንሲዮ፣

ሊድያ ባለፈው ሐሙስ እቤቴ መጥታ ነበር። ሥራ ላይ የለበሰችውን እንኳ ሳትቀይር በሩ ላይ ቆማ፣ «አባባ ልኮኝ ነው። በሠርጌ ቀን ክንዴን ይዞ ቤተ ክርስቲያን የሚያስገባኝ ናቦር ነው፣ ሌላ ሰው አልፈልግም ብሏል» አለችኝ። አለቀስኩ። የደስታ እንባ መስሏት አቀፈችኝና፣ «አንተ ደግሞ፣ ስንቱን ጥለህ የኖርክ ሰውዬ በዚህ ታለቅሳለህ?» ብላ ሳቀችብኝ። እሺ አልኳት። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ ያንን እሺታዬን ልመልስ ነው።

ወረቀቱን የምታነብልህ ሚስትህ ኦፌሊያ እንደሆነች አውቃለሁ። ኦፌሊያ፣ እባክሽ ሊድያ በሌለችበት አንብቢለት፤ አንድ መስመርም አትዝለዪ። መሃል ላይ ደርሰሽ ብትቀጂው አይገርመኝም፤ ግን ከቀደድሽው በኋላም ቢሆን ገጣጥመሽ ጨርሺለት።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል። የእኛ ነገር ሥሩ ደስ የሚል ነበር። የትግል መድረክ ላይ ጭምብል አጥልቀን ስንወጣ አንተ ሕዝብ የሚያጨበጭብልህ ብርማው ጉጉት፣ እኔ ሕዝብ የሚተፋብኝ አለንጋ። ሌሎቹ ታጋዮች ጠላት ናቸው ከተባሉ ጎን ለጎን ውኃ መጠጣት አይችሉም ነበር፤ ሕዝብ ካየ ገበያው ይበላሻል። እኛ ግን ፊታችንን የሚያውቅ ስለሌለ ጎሜስ ፓላሲዮ ከተማን በቀን ብርሃን ተቃቅፈን እንዞር ነበር። ሊድያን ክርስትና ሳነሳ ቄሱ ራሳቸው የእሁድ ትግል ትኬት በኪሳቸው ይዘው ነበር። ዶኛ ቼላ ጋ ጎርዲታ የሚሉትን የበቆሎ ቂጣ ልንበላ የተቀመጥንባትን ቀን ታስታውሳለህ? ሴትዮዋ ሊጡን እየደበደበች ስለ እኔ ታወራልሃለች።

«ያ አለንጋ የሚሉት ርጉም! እናት የወለደችውም አይመስል» አለች።

«እናትስ አለችው አሉ፣ ዶኛ» አልካት። «እንግዳ ሲመጣ ትደብቀዋለች እንጂ።»

«ይበላት! የኔ ጉጉት እሁድ ጥርሱን ያርግፍልኛል፣ ታያለህ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «አንተ ግን ምነው አንገትህን ደፋህ? በል አንድ ጨምር፣ ደግ ሰው ትመስላለህ» ብላ በነጻ ሰጠችኝ። እስክንወጣ ድረስ ሳቅህን ለማፈን ቃሪያ ታኝክ ነበር።

የዓለም ዋንጫ እኛ አገር በተደረገ በዓመቱ ዶን አናስታሲዮ ቢሮው ጠራን። አዳራሹም የእሱ፣ ማን እንደሚያሸንፍ የሚወስነውም እሱ ነበር። ጭምብል ለጭምብል ልንታገል ነው፤ የተሸነፈው እዚያው ሕዝብ ፊት ይገለጣል፣ ያንን ጭምብል ዳግመኛ አያጠልቅም። «አለንጋ አርባ ሁለት ሞልቶታል፣ ጉልበቱም አልቋል። ፊቱን ያሳይና በክብር ይሸኝ» አለ። እሺ ዶን አልኩ። ውጭ ስንወጣ ትከሻዬን ይዘህ፣ «አበልጄ፣ ልብህ ካልፈቀደ ተናገር፤ አብረን እምቢ እንላለን» አልከኝ። እኔም፣ «ምን ቸገረኝ፣ ፊቴ እንደሆነ ሰው አይገድልም» ብዬ ቀለድኩ።

ልቤ አልፈቀደም ነበር። ያን ቀን ማታ መስተዋት ፊት ቆሜ ራሴን አየሁ። ያለ ጭምብሉ የሳሙና ፋብሪካ ጫኝ ነኝ፤ አለቃዬ ስሜን እንኳ በትክክል አይጠራም። እሁድ ሲሆን ግን ሦስት ሺህ ሰው ከወንበሩ ተነስቶ ይረግመኛል። መረገምም ሰው ያደርጋል፣ ፊደንሲዮ። የአንተ ጭምብል ደግሞ የአባትህ እንደነበር፣ አባትህም ጭምብሉን አጥልቀው እንደተቀበሩ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም፤ የሬሳ ሳጥኑን አንዱን ጫፍ የያዝኩት እኔ ነኝ። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው ያደረግሁት።

በዚያው ሰሞን አንድ ምሥጢር ነግረኸኝ ነበር። ከሞንቴሬይ ሰው መጥቶ፣ እዚያ ሄደህ እንድትታገል ጠይቆህ፣ «ለአባቴ ያጨበጨበውን ሕዝብ ጥዬ የትም አልሄድም» ብለህ እንደመለስከው። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ዶን አናስታሲዮ ቤት ሄድኩ። ጓሮው ውስጥ ካናሪ ወፎቹን እያበላ ነበር።

«ዶን፣ የሚከዳዎት ሰው አለ» አልኩት።

«ማነው እሱ?»

«ከሞንቴሬይ ሰው መጥቶ ከጉጉት ጋር ተነጋግሯል።»

እምቢ ብሎ መለሰው አላልኩም። ዝም አልኩ። የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነበር፤ የገደለህ ዝም ያልኩት ነው። የሙያችንን ሕግ ታውቀዋለህ፤ ሊሄድ ያሰበ ታጋይ ከመሄዱ በፊት ተሸንፎ፣ ስሙን ለትግል ቤቱ ጥሎ ነው የሚሄደው። ዶን አናስታሲዮ ፍርፋሪውን ከእጁ አራገፈና፣ «እንግዲያው ጭምብሉን እዚህ አውልቆ ይሂዳ!» አለ። ከዚያ አተኩሮ አየኝ። «አበልጁ አይደለህም እንዴ አንተ?»

«ለቤቱ ብዬ ነው፣ ዶን።»

«ለቤቱ!» ብሎ ሳቀ። «በል ሂድ። ከማን ሰማህ ቢለኝ አልነግረውም፤ ሰላዩን የሚሸጥ ቤት አይቆምም።» ቃሉንም ጠበቀ። ካወቅሁት ጀምሮ የጠበቀው ቃል እሱ ብቻ ነው።

እሁድ ዕለት ትግሉ ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው ዶን አናስታሲዮ መልበሻ ክፍላችን ገባ። ከሁለት ሳምንት በፊት የአንዱ ልጅ ትከሻ ተሰብሮ ስለነበር፣ አንተ በሁላችን ስም ሐኪም መድረኩ አጠገብ ይቀመጥልን ብለህ ጠይቀኸው ነበር። ስለዚህ ነገሩን ሲነግርህ ያሰብከው ሌላ ነው።

«ዛሬ የምትሸነፈው አንተ ነህ» አለህ።

«እኔ? ቀልድ ነው፣ ዶን?»

«ፊቴ ላይ ቀልድ ይታይሃል?»

«ሐኪም ይምጣልን ስላልኩ ነው፣ አይደል? ለዚህ ነው የአባቴን ጭምብል የሚያስወልቁኝ?»

«ለምን እንደሆነ አንተ ታውቀዋለህ።»

«ዶን፣ በእግዚአብሔር፤ አባቴ ለዚህ ቤት ሃያ ዓመት ደሙን አፍስሷል!»

«አባትህ ቢሆን ግባ ሲሉት ይገባ ነበር። ካልፈለግህ በሩ ያውልህ። ከዚህ በኋላ ከቺዋዋ እስከ ሳካቴካስ የሚያሠራህ ሰው ካገኘህ እኔን ሞኝ በለኝ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞርክ። «አበልጄ፣ አንተስ ምን ትላለህ? እንውጣ?» ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሁሉ ጫማውን ማሰር ትቶ እኔን ያየኛል። እንውጣ ብል ኖሮ ሁሉም ተከትሎን ይወጣ ነበር፤ አንተን ይወዱህ ነበር። እኔ ግን ምን አልኩ? «ሕዝቡ ገብቷል። ዛሬን እንደምንም እንለፈውና ነገ እናስተካክለዋለን።» ረዥም ጊዜ አየኸኝ። ጭምብልህን አጥልቀህ ክሩን አሰርክና ከዚያ በኋላ ለማንም አንድ ቃል አልተነፈስክም። ያወቅህብኝ መሰለኝ።

ሦስተኛው ዙር ላይ ከላይኛው ገመድ ላይ ዘለልክ፤ እኔ ልሸሽ፣ አንተ በደረትህ ወለሉን ልትመታ፤ ከድሮ ጀምሮ የለመድነው ነበር። ስትወርድ ደረትህ ሳይሆን አናትህ ቀደመ። በጀርባህ ገልብጬህ ተኛሁብህና ሁላችንም እንደምናደርገው በስውር እጅህን ጨበጥ አደረግሁ። ጨበጥ ማለት ደህና ነህ ወይ ማለት ነው፤ ደህና የሆነ መልሶ ይጨብጣል። ስንት ጊዜ ተጨባብጠናል አንተና እኔ? አልመለስክልኝም። ደግሜ ጨበጥኩህ። ዝም። ዳኛው ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ፣ «ምን ሆኗል? ላቁመው?» አለኝ።

«አኩርፎ ነው» አልኩት። «ቁጠር።»

ሌላ ሰው ቢሆን ተጎዳ ብሎ ይደነግጣል። እኔ ግን ጥፋተኛ ስለነበርኩ ዝምታህን ኩርፊያ አደረግሁት። ሦስት ተቆጠረ፤ አሸነፍኩ። ሕጉ አሸናፊው በገዛ እጁ ጭምብሉን ያውልቅ ይላል፤ ስለዚህ ተንበርክኬ ጭንቅላትህን ከወለሉ አነሳሁ፣ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ክሩን ፈታሁ። ቋጠሮው ጠብቆ ስለነበር ሁለት ጊዜ ወዲያና ወዲህ አዞርኩህ። አንገትህ እንደ ሕፃን አንገት ልፍስፍስ ብሎ ነበር፤ ያንንም አይቼ፣ ሊያሳፍረኝ ሆን ብሎ ሰውነቱን ለቀቀው አልኩ።

ሐኪም አልነበረም። በዳቦ ማመላለሻ መኪና ጭነን ወሰድንህ። በማግስቱ ሆስፒታል ውስጥ አንድ ወጣት ሐኪም ኮሪደሩ ላይ አስቁሞኝ፣ «ከወደቀ በኋላ ጭንቅላቱን ያነቃነቀው ሰው ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። «እኔ አላየሁም» አልኩት። አንገትህን የሰበረው አወዳደቅህ ይሁን የእኔ እጅ፣ ይህን እስከ ዛሬ አላውቅም። አንተ ግን መንቀሳቀስ አቅቶህ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ «የእኔ ጥፋት ነው፣ ተናድጄ ዘለልኩ» ስትል እየሰማሁ እግርህን አሽቻለሁ።

ሌላም አለ። ጓደኞቻችን ሁሉ ጉጉት የተቀጣው ሐኪም ስለጠየቀ ነው ብለው አመኑ። ከዚያ በኋላ እዚያ ቤት ውስጥ ሐኪም የሚል ቃል ያነሳ አልነበረም። ዳኛው ራሱ በሁለተኛው ዓመት በልብ ድካም መድረኩ ላይ ሲወድቅ በፎጣ ነበር የምናራግብለት። እኔ አፌን ብከፍት ያ ሁሉ ፍርሃት በአንድ ቀን ይጠፋ ነበር፤ አልከፈትኩም።

ሊጠይቅህ ለሚመጣ ሁሉ፣ «በዚህ ሙያ አንድ የማይዋሽ ሰው አገኘሁ፤ እሱም ይኸው ሾርባዬን እፍ እያለ ያበርድልኛል» ትላለህ። ያን በተናገርክ ቁጥር ልነግርህ አስቤ ማንኪያውን አፍህ ውስጥ እከታለሁ። ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ እግዚአብሔር ይወቀው። ወደ አንተ የመጣሁት ለንስሐ እንዳይመስልህ። የምሄድበት ሌላ ቤት ስለሌለኝ ነው።

እስካሁን የጻፍኩትን ምናልባት ይቅር ልትለው ትችል ይሆናል፤ አውቅሃለሁ፣ ሞኝ ነህ። የሚቀጥለውን ግን አትችልም። ጭምብልህን ካወለቅሁ በኋላ ጀርባዬን ሰጥቼህ፣ ከፍ አድርጌ ይዤው አራቱን ማዕዘን ዞርኩ። ሕዝቡ ያለቅሳል፣ ይሳደባል፣ የቢራ ብርጭቆ ይወረውርብኛል። እስከ ሦስተኛው ማዕዘን ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ፊደንሲዮ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። አራተኛው ላይ ስደርስ ኦፌሊያ አንድ ጫማዋ ወልቆ በገመዶቹ መካከል ስትገባ አየኋት፤ ያኔ ዞሬ አየሁህ።

ሊድያን የኦፌሊያ ወንድም ያስገባት። ለምን እንደቀረሁ ለእሷ የምትነግሯትን እናንተ ታውቃላችሁ። አልመጣም፤ ከእንግዲህ እግርህን የሚያሽልህ ሰው ፈልጉ፣ የቀኙ ሲቀዘቅዝ ቀድሞ እንደሚሸማቀቅ ንገሩት። ይቅርታ አልጠይቅህም። ብትሰጠኝ የማስቀምጥበት ቦታ የለኝም።

በእኛ ሕግ የተሸነፈ ሰው ፊቱ እንደተገለጠ ሕዝብ ፊት ሦስት ነገር ይናገራል። አንተ አፍህ እምቢ ስላለህ አስተዋዋቂው ከወረቀት አነበበልህ። እኔ አንድም ቀን ጭምብሌን ሳልነጠቅ፣ አንድ ተመልካች እንኳ ፊቴን ሳያየው ትግሉን ተውኩት። ዛሬ ብናገር የሚደነግጥ የለም፤ አዳራሹ የጎማ መጋዘን ሆኗል፣ ሦስት ሺሁም ሰው ወይ ሞቷል ወይ ረስቶኛል። ለአንተ ብቻ ነው የምናገረው።

ናቦር ኪንታና እባላለሁ።
የተወለድኩት ሌርዶ ነው።
ሃያ ስድስት ዓመት ታግያለሁ።