ቡናማ ላይ ቡናማ

ኅዳር 4
ዛሬም ያው። ልብስ ሳጥብ፣ ልጅቷን ሳጥብ፣ እኔ ሳልታጠብ መሸ። የባለቤቴ እህት መጣች። ልጄን ከእጄ ተቀብላ በቀጥታ ወደ መስኮቱ... ጨርቅ የምትገዛ ይመስል ብርሃን ላይ አገላብጣ አየቻት።
«አሁንም አልጠቆረም?»
አልጠቆረም፣ እትዬ። «ቆይ ይጠቁራል» ስትሉኝ ዘጠኝ ወሯን ልትደፍን ነው። የልጄ ዓይን አረንጓዴ ነው፤ ትንሽ ግራጫ ነገር አለው። የእኔ ጥቁር ቡናማ፣ የአባቷም ጥቁር ቡናማ። ምን ላድርግ? ልቀባው?

ኅዳር 7
ለባለቤቴ ምሳውን ልሰጠው ሥራ ቦታው ሄድኩ። ቀለም ቤት ነው የሚሠራው። ደንበኛ የግድግዳ ቀለም ሲያዝ ይቀምምና ምን እንደሚመስል እንዲታይ በጣቱ የጣሳው ክዳን ላይ ይቀባል። ዛሬ አንዱን ክዳን አንስቶ አሳየኝ።
«ቡናማ ላይ ቡናማ ብትጨምሪ ቡናማ ነው። አረንጓዴ ከየት ይመጣል?»
ቀልድ አስመስሎ። አልሳቅኩም። እሱም አልሳቀም።
ልጄ የግድግዳ ቀለም ናት እንዴ?

ኅዳር 8
ሳሎን ተኛ። ወገቤን አሞኛል አለ። ወገቡን የታመመ ሰው ሶፋ ላይ ይተኛል?

ኅዳር 12
ልጅቷን አስከተብኩ። ሲስተሯ መርፌውን ስታዘጋጅ ነገሩን ሁሉ ዘረገፍኩላት።
«ዓይን እኮ እንደ ቀለም አይደባለቅም» አለችኝ። «ልጅ ከእናቷ አንድ የዓይን ዘር፣ ከአባቷ አንድ ትወርሳለች። ጥቁሩ ካለ ነጣ ያለው ይሸፈናል እንጂ አይጠፋም። ሁለታችሁም የተሸፈነውን ካወረሳችኋት ብቅ ይላል። ነገሩ ከዚህም ይወሳሰባል፤ ባብዛኛው ግን እንዲህ ነው።»
እየበረርኩ ቤት ገባሁ። የእኔ አያት ዓይኗ አረንጓዴ ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ «ድመቷ» ነበር የሚላት። ለባለቤቴ ነገርኩት።
ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የአባቱ ፎቶ አመለከተኝ። ነፍሳቸውን ይማርና፣ እሱ ገና ሆድ ውስጥ እያለ፣ እህቱ ዳዴ ስትል ነው የሞቱት። ከንፈራቸው ቀላ ያለ፣ ክራቫታቸው ሰማያዊ፣ ዓይናቸው... ቡናማ።
«ካንቺ በኩል ብቻማ አይበቃም፤ በእኛ በኩል ማን አለ?» አለ። «ሲስተሯ ራሷ ብላለች።»
በገዛ ምስክሬ ተረታሁ።

ኅዳር 15
ዛሬም ሳሎን ተኛ። ሶፋው መጎድጎድ ጀምሯል።

ኅዳር 19
አማቴ ሊጠይቁን መጡ። እህቱም ተከትላ... መቼም አትቀርም። ትዕግሥቴ አለቀ። ሁሉም ፊት ጠየቅኳቸው።
«እማማ፣ የአባባ ዓይን ምን ዓይነት ነበር?»
ቀና ብለው ፎቶውን አዩ። «ያው... ቡናማ።»
እህቱ ፈገግ አለች። እኔ ደግሞ አለቀልኝ አልኩ።
ልጅቷ እቅፋቸው ውስጥ ነበረች። አፍንጫቸውን ለቀም አደረገች። ሊያስለቅቋት ጎንበስ ሲሉ ዓይን ለዓይን ገጠሙ።
«ቆይ... ይሄ ፎቶ እኮ ጥቁርና ነጭ ነበር» አሉ። «ከሞተ በኋላ ነው ፎቶ ቤት ወስጄ ቀለም ያስቀባሁት። ክራቫቱን ሰማያዊ አድርግልኝ አልኩት ሰውዬውን። ስለ ዓይኑ ግን... አልነገርኩትም። እሱም አልጠየቀኝ።»
«እና ምን ነበር?» አለ ባለቤቴ።
«ፎቶውን ሳይ ሳይ ኖሬ ዓይኑን ረሳሁት እኮ፣ ልጄ!» እንባቸው መጣ። ልጅቷን ደረታቸው ላይ ለጠፏት። «ይኸው ነበር። ይኸው፣ ይሄ ነበር።»
ባለቤቴ ፎቶውን አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አስተኛው። የብሩሹን ቀለም የሚያስለቅቅበትን አኳራጅ አመጣ፤ ጥጥ ነክሮ አንዱን ዓይን ቀስ ብሎ ነካ ነካ አደረገው። ቡናማው ከጥጡ ጋር መጣ። ከሥሩ የቀረው ዓይን ነጣ ያለ፣ ከሸሚዙ ኮሌታ ትንሽ ብቻ የጠቆረ።
እህቱ ቦርሳዋን መፈለግ ጀመረች። ቦርሳው ትከሻዋ ላይ ነበር።

ኅዳር 20
ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ለምን አላለኝም?
ማታ ትራሱን አቅፎ መኝታ ቤት በር ላይ ቆመ። «አሁን አመንኩሽ» አለኝ።
አሁን? ሳለቅስ፣ ስምል፣ አያቴን ከመቃብር ስጠራ የት ነበር? ጥጡን ነው ያመነው። እኔን አይደለም።
«እሺ» አልኩት። ትራሱን ተቀብዬ ሶፋው ላይ መለስኩለት።