ሸራና ድንኳን

ሐሙስ
አልመርቅም። ሰብለ ቪዛዋ ከመጣ ወዲህ ደጋግማ ጠየቀችኝ፤ በጠየቀች ቁጥር ራዲዮ ከፈትሁ። ሩማንያ ሄዳ ፋብሪካ ውስጥ ልብስ ልትሰፋ ነው። እዚህ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ናት፤ እንግዳ ግን የለም። እሱን አውቃለሁ። ቢሆንም ያለችኝ ልጅ እሷ ብቻ ናት።

ማታ ስልኳ ላይ ቋንቋውን ስታጠና ሰማኋት። «ፕሌክ፣ ፕሌክ» ትላለች። ምን ማለት ነው? አልኋት። «እሄዳለሁ።» ኩባ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ስፓኒሹ አልጠፋኝም። ይህ ቃል ዘመድ አለው።

ዓርብ
ከድሮ መዝገበ ቃላቴ ጋር ዋልሁ። ሥሩ የላቲን «ፕሊካሬ» ነው፤ ማጠፍ። በስፓኒሽ መድረስ ሆነ፣ በፖርቱጋልኛም እንደዚያው። በሩማንያኛ መሄድ። መርከበኛ ወደብ ሲደርስ ሸራውን ያጥፋል፣ ወታደር ሲነሣ ድንኳኑን ያጥፋል ይላሉ ሊቃውንቱ። እርግጠኛ አይደሉም። ሌሎቹ ሲደርሱ ሩማንያዎች ሄዱ። ልጄም የመረጠችው እነሱን ነው።

ነገርኋት። «አባዬ፣ የምትመርቀኝ በላቲን ነው እንዴ?» አለች። ባለቤቴ ዘነቡ ከማድ ቤት ሳቀች። ሁለቱ አንድ ናቸው።

ቅዳሜ
እናትና ልጅ ሻንጣው ውስጥ ልብስ ሲያስገቡ ሲያወጡ ዋሉ። እኔ ሐይቁ ዳር ወረድሁ። ጣና ላይ የሚታጠፍ ሸራ የለም። የደንገል ታንኳ ሲደርስ ከውሃ ወጥቶ ይቆማል፣ እስኪንጠፈጠፍ። ካልቆመ ይበሰብሳል።

አባቴን አሰብሁ። ወደ ኩባ ስላክ ጉልበቱን ስስም «በሰላም ያድርስህ፣ በሰላም ይመልስህ» ብሎኛል። እግዜር መለሰኝ። ስመጣ ግን የአባቴ መቃብር ላይ ሣር በቅሎ ነበር።

እሑድ
ባጃጁ በር ላይ ቆሟል። ቀድሜ ልወጣ ስል ሰብለ ደጃፉ ላይ ተንበርክካ ጉልበቴን ያዘች። «ሳትመርቀኝ አታልፍም።» ዘነቡ ከኋላ «አንተ ሰው፣ ምን አፍህን ለጎመው!» አለች።

«በሰላም ያድርስሽ» አልሁ።

ሁለተኛውን ጠበቀች። አልጨመርሁም። አውቄ ነው። ልብሷን አራግፋ ተነሣች። ከባጃጁ ሆና ዘወር እንኳ አላለችም።

ሰኞ
ከአዲስ አበባ ደወለች፣ ለእናቷ። አውሮፕላኑ ማታ ነው። ዘነቡ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፈችው።

«አባዬ፣ ግማሹን አስቀርተህብኛል።»

«መጥተሽ ውሰጂው» አልሁ።

ሳቀች፣ ወይም አለቀሰች። መስመሩ ጥሩ አልነበረም።

ከሰዓት ዘነቡ የሰብለን አንሶላ አጥፋ ቁም ሣጥን ልትከት ስትል ቀማኋት። አልጋው ላይ መልሼ አነጠፍሁት።