ቁምጣ በታኅሣሥ

ይህ ደብዳቤ ከሌላው ሰው ሁሉ ቀድሞ ለአንቺ ይድረስ፣ እታለም።

ጤናሽ እንዴት ነው? ባልሽስ? ያ ጉልበቱን የሚያመው ድመታችሁስ? እኔ፣ ሁለት ሰዎች በጥይት ከማሳደዳቸው በቀር፣ እጅግ በጣም ደኅና ነኝ።

ከሁሉ በፊት፦ ለገና የላክሁልሽን ቋሊማ እንዳትቀምሺው። ለድመቱም እንዳትሰጪ። ለአማትሽ እንኳ እንዳትሰጪ፤ ነገሩ ምን ያህል እንደከፋ ከዚህ ተረጂው።

የጀመረው በአርቪድ ነው፤ ልጆች ሳለን ዓሣ ማጥመድ ባስተማረን ጎረቤታችን። ኅዳር ላይ አደን ወጥቶ አንድ አጋዘን ጣለ። ቀንዱ እንደ ቤተ ክርስቲያን መቅረዝ የተንዠረገገ ነው። ግራ ጆሮው ላይ ቢጫ ቁጥር ተሰክቶበታል። ከሐይቁ ማዶ ካለው የታጠረ እርሻ፣ ሀብታሞች ትልልቅ ቀንድ ሊተኩሱ ከሚመጡበት፣ እንዳመለጠ ሁለታችንም አወቅን፤ ሁለታችንም ቁጥሩን አላየነውም። እዚህ አገር ጎረቤትን የሚያሳፍር ጥያቄ መጠየቅ ከነፍስ ግድያ ብዙም አያንስም። ግድግዳው ላይ ሊሰቅለው ስለፈለገ የአጋዘኑን ራስ ሥጋ ቤቴ ፍሪዘር ውስጥ አስቀመጥኩለት። ሥጋውን አባባ እንዳስተማረን ከሌሎቹ አዳኞች ቁርጥራጭ ጋር ባንድ ገንዳ ፈጭቼ ቋሊማ አደረግሁት። «ሳይቀምስ የሚሸጥ ሥጋ ሻጭ ሌባ ነው» ይል የለ አባባ? እንደ ደንቡ ቀመስኩ፤ ጨው ጨመርኩ። አርባ ቤት ተከፋፈለው።

በሁለተኛው ሳምንት አርቪድ ቁምጣ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን መጣ። ማን ይገረማል? በእኛ መንደር በበረዶ ቁምጣ ያልለበሰ ወንድ ወንድነቱ ይመረመራል። እኔማ «አንተ ሽማግሌ፣ ይሄን ጉልበት ለስብከት ነው ያመጣኸው ወይስ ለሾርባ?» ብዬ ቀለድኩበት። «ዝም በል አንተ ብርዳም፣ በሕይወቴ እንዲህ ተመችቶኝ አያውቅም» አለኝ። እውነቱን ነበር። ሐሙስ ዕለት ግቢው ውስጥ ወንበሩ ላይ አገኘነው፤ ሸሚዙን አውልቆ፣ በረዶው እስከ ደረቱ ደርሶ፣ ፀሐይ እንደሚሞቅ ሰው ፈገግ ብሎ ደርቋል።

ከዚያ አራት ሰዎች ተከተሉት። በሽታው አያስልም፣ አያተኩስም፣ ብርዱን ብቻ ይወስድብሻል። ያልበረደው ሰው ደግሞ ምን ቆርጦት ወደ ቤት ይገባል? ሐኪም መጣና «ስካር ነው» ብሎ ፈርሞ ሄደ። ከሟቾቹ አንዷ የቢራ ማስታወቂያ ስታይ ፊቷን የምታዞር የሰንበት ትምህርት አስተማሪ ነበረች።

ያኔ ቢጫው ቁጥር ትዝ አለኝ። የአጋዘኑን ራስ ከፍሪዘር አውጥቼ ፀጉሩን ስገልጥ ከጆሮው ኋላ ጣት የሚያህል ጠባሳ አለ፤ በሰማያዊ ክር ተሰፍቷል። እታለም፣ ሠላሳ ዓመት አጋዘን ገፍፌአለሁ፤ እግዚአብሔር በሰማያዊ ክር ሲሰፋ አይቼ አላውቅም። ከስፌቱ ሥር የሩዝ ፍሬ የምታህል ብልቃጥ አለች፤ ግማሿ ጎድሏል። አንቺ የእንስሳት ሐኪሟ ታውቂያለሽ፤ ለእኔ ለሥጋ ቆራጩ ግን የገባኝ ይህ ነው፦ ብርድ የማይሰማው አጋዘን ስቡን ለሙቀት አያቃጥልም፤ ቀንድ ያበቅልበታል።

ዛሬ ጧት ጫማቸው የጸዳ ሁለት ሰዎች ሱቄ መጡ። ረጅሙ «ጌታው፣ የእኛ የሆነ ራስ በስሕተት እርስዎ ዘንድ ይኖር ይሆን?» አለኝ። «ካለኝ አንድ ራስ ሌላ የለኝም፤ እሱም ብዙ አይሠራም» አልኩት። አልሳቀም። አጭሩ ሰዓት እንደሚያሳይ ሰው ኮቱን ገለጥ አድርጎ ሽጉጡን አሳየኝ። «ኧረ ምን ችግር አለ፣ ከጓዳ ላምጣላችሁ» አልኩና የአጋዘኑን ራስ በሚጎተት የበረዶ መንሸራተቻ ላይ ጭኜ በኋላ በር ወደ ሐይቁ እብስ አልኩ።

ጥይቱ በጆሮዬ አጠገብ አፏጨ። ዞር ስል በፒካፕ እየተከተሉኝ ነው። ሐይቁ ከረጋ ገና ዘጠኝ ቀኑ ነው፤ የዘጠኝ ቀን በረዶ ሰው እንጂ መኪና አይሸከምም። እዚህ ይህን የማያውቅ የለም። አስተዳደጌ ነውና ቆሜ «ኧረ በናታችሁ ተመለሱ፣ አይችላችሁም!» ብዬ እጄን አውለበለብኩ። የምለምናቸው መስሏቸው ደገሙኝ። ሐይቁም እንደ መድፍ ጮኸና ፒካፑ በአፍንጫው ተተከለ።

ምን ላድርግ? እማማ ብታይ ምን ትላለች? በደረቴ ተንፏቅቄ ገመድ ወረወርኩላቸው፣ እኔም እስከ አንገቴ ገባሁና ጎትቼ አወጣኋቸው። ሽጉጡም ስልኬም ከዓሣው ጋር ቀሩ። ረጅሙ ጥርሱ እየተንገጫገጨ «አ... አመሰግናለሁ ጌታው» አለኝ። «ምንም አይደል» አልኩት። እንደ ቅጠል እየተንቀጠቀጡ በእግራቸው ተመለሱ፤ ጓደኞቻቸውን ይዘው እንደሚመጡ አልጠራጠርም።

አሁን ሐይቁ መካከል በረዶው ላይ፣ አርቪድ በረዶውን በስቶ ዓሣ ያጠምድባት በነበረች ጎጆ ውስጥ ነኝ። ፖስተኛዋ ዳርሊን ምሳዋን እዚህ እያጠመደች ነው የምትበላው፤ አሁን አጠገቤ ቆማ እየጠበቀች ነው። የአጋዘኑን ራስ ማዲሰን ድረስ፣ ለእህቴ አድርሽልኝ ስላት «ይሄ ከደንብ ውጭ ነው!» ብላ ተቆጣችኝ፤ ከዚያ ሣጥን አመጣች። ሣጥኑን ተቀበያትና ብልቃጧን መርምሪ። ለቀሩት ቤቶች መድኃኒት ካለ ካንቺ ሌላ የሚያገኘው የለም። የዳርሊን ልጅ ደግሞ ቤት ለቤት እየዞረች ቋሊማውን ትሰበስባለች፤ ቁምጣ የለበሰውንም ሁሉ ጆሮውን ይዛ ወደ ቤት ታስገባለች።

ዳርሊን «አንተስ? ና አብረን እንሂድ፣ ኮትህንም ልበስ!» እያለች ትነዘንዘኛለች። ኮቱን ለአጋዘኑ ራስ መጠቅለያ አድርጌዋለሁ። ሰዎቹም ሲመለሱ እዚህ የሚያገኙት ሰው ያስፈልጋል፤ አለዚያ መኪናዋን ይከተላሉ። ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፣ መነሣቱ አላሰኘኝም። በእርሳስ መጻፌን ይቅር በይኝ፤ ብዕሩ ውስጥ ቀለሙ ረግቶ እምቢ አለኝ። የምድጃው ጋዝ ካለቀም ቆይቷል። በሩን ከፍቼ፣ እጅጌዬን ሰብስቤ ተቀምጫለሁ፤ ፀሐይዋ ደስ ስትል!

ቤትሽን ሙቀት አይለየው። ሲበርድሽም የሚነግርሽን ቆዳ ፈጣሪ አይንሣሽ።

ታናሽ ወንድምሽ፣ ብርዳሙ