የጥቁር ቀሚስሽ ገበር

ውድ ድንቡሼ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ፤ ፊቴ ግን ገና አልታረቀኝም። ደውዬ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ስልክ ላይ ግን ነገሩ ወደ አንቺ ሲዞር ወሬ መቀየር ታውቂበታለሽ። ደብዳቤን ማቋረጥ አይቻልም፤ ስለዚህ ቁጭ ብለሽ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

ባለፈው ወር አንድ ጠዋት ሱቄን ከፍቼ፣ ክሩን መርፌ ውስጥ ለማስገባት በከንፈሬ ላረጥበው ስል ከንፈሬ እምቢ አለኝ። ምራቄ በቀኝ በኩል ወረደ። ደንበኞች ልብስ የሚለኩበት ትልቁ መስታወት ፊት ብቆም የፊቴ ቀኝ ጎን እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። ዓይኔም አልከደን አለ። እኅቴ፣ በጣም ፈራሁ።

ፊት ሲታመም ደግሞ መደበቂያ የለውም። ጎረቤቴ ጫማ ሰፊው «ብርድ መትቶሽ ነው» አለኝ። ከጎኔ ያለችው ባለ ሱቅ «የሰው ዓይን ነው» አለች። አንዲት ደንበኛዬ ልታሰፋ ያመጣችውን ቀሚስ ትታ እጄን እየጎተተች ሐኪም ቤት አስገባችኝ።

የነርቭ ሐኪሙ ገና ልጅ እግር ነው። «ቅንድብዎን ያንሱ፤ ጉንጭዎን ይንፉ፤ ጥርስዎን ያሳዩኝ» አለኝ። ግማሹን ብቻ አሳየሁት። ከአንጎል በቀጥታ የሚወጡ አሥራ ሁለት ጥንድ ነርቮች እንዳሉ፣ የታመመብኝ ሰባተኛው፣ ፊትን የሚያንቀሳቅሰው እንደሆነ አስረዳኝ።

«ሌሎቹ ሁሉ አርፈው ተቀምጠው እሱ ብቻ አመፀ?» አልኩት።

«በየቤቱ አንድ አይጠፋም እማማ» አለኝና ሳቀ። ስትሮክ እንዳልሆነ፣ አብዛኛው ሰው ቀስ በቀስ እንደሚድንም ነገረኝ። እንክብል አዘዘልኝ፤ ስተኛ ዓይኔን በፕላስተር እንድዘጋ መከረኝና የፊት እንቅስቃሴ ወደምታሠራ ሴት ላከኝ። እሷ ደግሞ በከንፈር የሚነገሩ ቃላት መርጬ መስታወት ፊት እንድደጋግም አዘዘችኝ። በዚህ ዕድሜዬ ማማ፣ ባባ እያልኩ ሰነበትኩ።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ከሴትየዋ ክፍል ፊት ለፊት የማህፀን ሕክምና ክፍል አለ። የክፍሉ ሲስተር ልብስ ሰፊ መሆኔን ሰምተው የምርመራ አልጋውን የሚከልል መጋረጃ እንድሰፋላቸው ጠየቁኝ። ልለካ ስገባ ግድግዳው ላይ ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል። ዓይኔን ብሰብርም አዩኝ።

«ምን ያሳፍራል? ይሄ ማህፀን ነው» አሉ፣ ዳቦ እንደሚጠሩ ያለ ምንም እፍረት። «ይሄ የማህፀን በር ነው። ይሄ ደግሞ ውስጠኛው ሽፋን ነው።»

«ገበሩ ነው በሉኛ።»

«ጥሩ አሉት፣ ገበሩ! በየወሩ ይታደሳል፣ ይረግፋል። የወር አበባ ከቆመ በኋላ ግን አርፎ ይቀመጣል። ከዚያ ወዲያ ጠብታ ደም እንኳ ከታየ ሴትየዋ ሳትውል ሳታድር መመርመር አለባት።»

ሜትሬን እንደያዝኩ ቀረሁ። አንቺ ነሽ የመጣሽብኝ።

ቢጫ ካልለበስኩ ሞቼ እገኛለሁ የምትይው ድንቡሼ፣ «ከወር አበባ ጡረታ ወጣሁ» ብለሽ ካሳቅሽን ዓመታት አልፈዋል። አምና ግን ሦስት ቀሚስ አዘዝሽኝ፤ ሦስቱም ጥቁር። «ገበሩን ደርቢው፤ ወፈር ያለ ይሁን» አልሽኝ። ለምን ስልሽ «ይበርደኛል» አልሽ። በዚያ ሙቀት! ሴት የጥቁር ቀሚሷን ገበር ለምን እንደምታስደርብ ልብስ ሰፊ ይጠፋዋል?

በእኛ ቤት ግን ይሄ አይጠየቅም። እኛ ልብስ ሰፊዎች እንኳ ሴት ስንለካ «ላይ፣ መሀል፣ ታች» እንላለን እንጂ የአካሏን ስም አንጠራም። እናታችንም «ታችኛው ነገር» እያለች፣ ሆድ ይፍጀው ብላ ሄደች። የገደላትን በሽታ ስም እስከ ዛሬ አናውቀውም። አንቺን በዚያ መንገድ አልሸኝሽም።

ሲስተሯን «ካንሰር ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ብዙ ጊዜ አይደለም፤ ሳያዩ ግን አይታወቅም» አሉኝ። «በአልትራሳውንድ የሽፋኑን ውፍረት እንለካለን። ካስፈለገም ትንሽ ናሙና እንወስዳለን። ክፉው እንኳ ቢሆን በጊዜው የመጣች የመዳን ዕድሏ ሰፊ ነው።» ይኸው ነው ድንቡሼ፣ መለካት ነው። ሜትር ሲያርፍብሽ መቼም የመጀመሪያሽ አይደለም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ሰምተሻል። የእኔውን እግዜር ፊቴ ላይ ለጠፈው፤ ያየው ሁሉ ተናገረ፤ ደንበኛዬም ጎትታ ሐኪም ቤት አስገባችኝ። ያንቺን ግን አንቺ ካልተናገርሽ ማን ያይልሻል?

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማማ ባባውን ተውኩት። መስታወት ፊት ቆሜ «ማህፀን» እላለሁ። «የማህፀን በር» እላለሁ። መጀመሪያ በቀኝ በኩል ንፋስ ብቻ ወጣ። ቀስ በቀስ ተስተካከለ። በደህናው አፌ ዕድሜ ልኬን ያልጠራሁትን ቃል በተጣመመው ተማርኩት። አንድ ቀን ስለማመድ ያቺ ሐኪም ቤት የወሰደችኝ ደንበኛዬ ድንገት ገብታ ክው አለች። እኔም አፈርኩ። እሷ ግን በሩን ቀስ ብላ ዘጋችና «ቆይ፣ ይሄን የሚያዩት በየትኛው ክፍል ነው?» አለችኝ። ብቻሽን እንዳይመስልሽ።

ለሰኞ ጠዋት ቀጠሮ ይዤልሻለሁ። ቅዳሜ መጥቼ ራሴ እወስድሻለሁ። ባልሽ ከጠየቀሽ «እኅቴን ላስታምም ነው» በይው፤ ፊቴን ሲያይ ያምናል፤ ውሸትም አይደለም። ቢጫ ጨርቅ ገዝቼ ቆርጫለሁ። ገበሩን ግን አልቆረጥኩም፤ እሱን ከሐኪሙ ስንመለስ እንነጋገርበታለን።

እፈራለሁ ብትይ አልቆጣሽም፤ እኔም እፈራለሁ። ካርድ ክፍሉ ጋ «ምንዎን ነው ያመመዎት?» ሲሉሽ ቃሉ ከጉሮሮሽ አልወጣ ካለ እጄን ጨብጪኝ። እኔ እናገርልሻለሁ። ግማሽ አፍ ለሁለታችን ይበቃል።

በአንድ ዓይኗ የምትጠብቅሽ፣
ታላቅሽ