የሻረግን ለመምህሯ ያስረክቡ

ለተከበሩ እህቴ ለእትዬ አሰለች፣

እንደምን ከርመዋል? የደሴ ብርድስ እንዴት ይዞዎታል? ባለቤትዎ ጋሽ ደባሱስ ደህና ናቸው? የጉልበትዎ ሕመም ቀለል አለልዎ ወይ? እኔ ወንድምዎ አድማሴ፣ ቸሩ አምላክ ይመስገን፣ ከጉንፋን በቀር ደህና ነኝ። ገብሱንም ዘንድሮ በረዶ አልነካውም። እንዲህ የምጠይቅዎ ወጉ ስለሆነ ነው እንጂ ሆዴስ ሌላ ነው። ጾመ ፍልሰታ ላይ ነን፤ ቁጣዬ ይብረድ ብዬ ሁለት ቀን ብዕር አላነሳሁም። አልበረደም።

መምህር ጥሩሰው እሁድ ዕለት ከደሴ ተመለሰ። ያውቁታል፤ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ጎበዞቹን ልጆች ሰብስቦ የሒሳብ ክበብ ያቋቋመ፣ ልጄን የሻረግን "ይቺስ እኔንም ታስተምረኛለች" ብሎ ስሟን ደሴ ለሚሰጠው የክረምት ልዩ ትምህርት የላከ እሱ ነው። ከየአውራጃው ከተመረጡት ልጆች ከላስታ እሷ ብቻ ነበረች፤ እርስዎ ቤት አርፋ እንድትማር አምኜ ሰደድኩልዎ። እንዴት ሰነበተች ብሎ ክፍሉ ቢገባ ወንበሯ ባዶ። ከሐምሌ አምስት ወዲህ የተማረችው አራት ቀን ነው አሉት። "አክስቷ ታማለች ብላ ልካብናለች" አሉት። ደንግጦ ወደ ምግብ ቤትዎ ቢመጣ፣ የታመመችው ልጅ በጓሮ እስከ ክርኗ ጥላሸት ለብሳ ድስት ስትፈገፍግ አገኛት።

ይህ ብቻ በሆነ። ሾፌሮቹ ምሳ እየበሉ "ነይ አንቺ የላስታ ልጅ፣ አሥራ ሰባት ጊዜ ሃያ ስድስት ስንት ነው?" ይሏታል። ድስቱን ሳታስቀምጥ "አራት መቶ አርባ ሁለት" ስትል ይስቃሉ። እርስዎም ቆመው "ሌላ ጠይቋት፣ ሌላ" ይላሉ አሉ። እትዬ፣ እግዜር የሰጣትን አእምሮ የእንግዳ ማሳቂያ አደረጉት። እርስዎ እኮ የቀበሌው የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ነዎት። መድረክ ላይ ወጥተው "ሴት ካልተማረች አገር አያድግም" ብለው አስጨበጨቡ ሲባል፣ እኔ እዚህ ሆኜ ኮርቼብዎት ነበር። ለካ ያ ለባዳ ልጅ ነው፤ ለወንድም ልጅ እንስራ ነው።

ባለቤቴ ባንችይርጋ ባረፈች በአርባው ቀን ያሉኝንም አልረሳሁም። "ሒሳብ ብታውቅ ሊጥ አያቦካላት፤ ዳራትና እረፍ" አሉኝ። ዝም አልኩ። ዝምታዬን እሺታ አድርገው ወሰዱት።

በእርስዎ ላይ ብቻ ብፈርድ ግን ጾሜ ጾም አይሆንም። በሐምሌ አጋማሽ የሻረግ "አባዬ፣ ውሃ እቀዳለሁ፣ ዕቃ አጥባለሁ፣ ምን ላድርግ?" ብላ ጽፋልኝ ነበር። እኔ የማውቀው ትምህርት አንድ ነው። አሸተን ማርያም ለየኔታ ሦስት ዓመት እንጨት ተሸክሜ፣ ውሃ ቀድቼ ነው ዳዊት የደገምኩት። መምህሩን ያላገለገለ ተማሪ ትምህርቱ አይባረክለትም ተብለን ነው ያደግነው። የዘመኑም እንደዚያው መስሎኝ፣ አስተማሪዎቿን የምታገለግል መስሎኝ፣ "ልጄ፣ የታዘዝሽውን ሁሉ እሺ በይ" ብዬ መለስኩላት። መምህር ጥሩሰው "ለምን እምቢ አላልሽም?" ቢላት ያችን ወረቀት ከጉያዋ አውጥታ አሳየችው። ልጄን በገዛ እጄ ጽፌ አሰርኳት። ለዚህ ንስሐ ገብቻለሁ፤ የነፍስ አባቴም የስግደት ቀኖና ሰጥተውኛል። የእርስዎን ግን እኔ አልሰግድልዎም።

አሁን የምለው ይህ ነው። መምህሮቿ ስንት ተለምነው፣ የፍልሰታ ማግስት ሰኞ ከተገኘችና ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን ካልቀረች እንቀበላታለን ብለዋል። ፈተናው ነሐሴ ሃያ አምስት ነው። ያለፈ አዳሪ ገብቶ በመንግሥት ይማራል፤ የወደቀ ወደ መጣበት ይመለሳል፤ ሁለተኛ ዕድል የለም። ይህን ደብዳቤ እሁድ የሚያመጣልዎ መምህር ጥሩሰው ነው። ልብሷንና ደብተሯን ይዛ ከእሱ ጋር ትውጣ፤ እስከ ፈተናው እዚያው ደሴ እናቱ ቤት ትቀመጣለች። "ዛሬ ሰው በዝቶብናል፣ ነገ ና" አይበሉት። ካሉት ደብዳቤውን በማኅበርዎ ሴቶች ፊት ቆሞ እንዲያነበው ነግሬዋለሁ፤ ድምፁ ደግሞ ትልቅ ነው። ብታልፍ የእግዚአብሔር ሥራ ነው። ብትወድቅ አምስቱን ሳምንት ማን እንደበላባት ሁላችንም እናውቃለን።

ጋሽ ደባሱን እጅ ነስቷል ይበሉልኝ። ልጅዎ ገለቴ ክረምቱን ሙሉ ማጠናከሪያ ትምህርቷ ሳይስተጓጎል ሰንብታለች አሉ፤ ትበርታልኝ፣ እሷ አልበደለችኝም። ሠራተኛዎ ጀውሀራ ከድርሻዋ ቆርሳ ልጄን ስታጎርስ ከርማለች፤ አላህ ይስጥልኝ ይበሏት። ለየሻረግ ግን በእርስዎ በኩል ሰላምታ አልልክም፤ መምህሯ ያደርስልኛል።

ዝምድናውን አልቆረጥኩም። ለገና እንደ ልማድዎ ላሊበላ ሲመጡ ቤቴ ክፍት ነው። ለማንም ተሳላሚ እንደማደርገው ዝቅ ብዬ እግርዎን አጥባለሁ። ውሃውን የምትቀዳልኝ ግን የሻረግ አትሆንም።

ወንድምዎ አድማሴ
ላሊበላ፣ ነሐሴ 12 ቀን 1974 ዓ.ም.