ጅረቷን ያሳመርኩበት ሰሞን

ረቡዕ፣ ኅዳር 4
የፎቶ ቤቴ ገበያ ቀዝቃዛ። አንድ ሙሽራ ብቻ መጣ። በየፎቶው ዓይኑን ይጨፍናል... የሙሽሪትን ፊት ሳይ ፈረድኩለት።

ከሰዓት እትዬ አልጋነሽ መጡ፤ ወተት የሚያመጡልን። አሁን በወለወልኩት ወለል ላይ ጭቃቸውን ይዘው ገቡ። ከቤታቸው በላይ ያለው የቡና ማጠቢያ ፍሳሹን ጅረቷ ውስጥ ይለቀዋል። ጥጃቸው ከዚያ ጠጥታ ሞተች። የቀረቻቸው እናትየዋ ላም ናት፤ ሌላ ውሃ በቅርብ የለም።

"ብናገር ማን ሰማኝ? ፎቶ ካለ ያምናሉ አሉ። የሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ የቀበሌው ኮሚቴ ይቀመጣል። አንሺልኝ፣ ልጄ።"

"ፎቶ አንሺው ሰሚር አለልዎት አይደል?"

"ከሰሚር አንቺ ትበልጫለሽ አሉኝ።"

ሙገሳ እንደማልችል ማን ነገራቸው? እሺ አልኩ።

ዓርብ፣ ኅዳር 6
ሄድኩ። ሽታው! የበሰበሰ ቡና ከከተማው መውጫ ጀምሮ አፍንጫ ይይዛል። ውሃው ጠቁሯል፤ ከድንጋዮቹ መሃል አረፋ ተቆልሏል። መጀመሪያ እንዲሁ አነሳሁት። አየሁት... የልብስ እጣቢ! ይኼን ሄርሜላ አነሳችው ይበሉ? ሰሚር ይሳቅብኝ?

ጥቁሩን ፊልተር ሌንሱ ላይ ገጠምኩ። ብርሃኑን ስለሚከለክል ካሜራው ለረጅም ጊዜ ዓይኑን ከፍቶ ይቆያል፤ የሚንቀሳቀሰው ሁሉ ይለሰልሳል። ነጸብራቅ የሚያጠፋውንም ደረብኩበት፤ ቅጠሉ አረንጓዴውን አወጣ። ያ ቆሻሻ አረፋ ድንጋዩን የሚያቅፍ ጉም ሆነልኝ። ጥቁሩ ውሃ ከሥሩ ተደበቀ። እንዲህ ያለ ፎቶ አንስቼ አላውቅም።

እትዬ አልጋነሽ በትንሿ ስክሪን አዩት። "ይኼ የኛ ነው?"

"የእርስዎ ነው።"

ዞረው ጅረቷን አዩ። ቀጥለው "እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ" አሉ።

አዎ፣ አውቃለሁ። አስቀያሚዎቹን እዚያው አጠፋኋቸው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12
ፎቶዬ ግድግዳውን ሞልቶ በፕሮጀክተር ታየ። አዳራሹ "ውይ!" አለ። ደስ አለኝ... ለምን እዋሻለሁ?

ሰብሳቢው አቶ ቀጸላ መነጽሩን አወለቀ። "እትዬ፣ የከሰሱት ይኼንን ነው? እኔ ጡረታ ስወጣ እዚህ ጎጆ ብቀልስ ደስ ይለኛል።"

ሳቅ። የማጠቢያው ባለቤት ደጉ ከሁሉም በላይ ሳቀ። "ይኼን ነው አሉ የመረዝኩት!"

እትዬ አልጋነሽ ተነሱ። አማርኛው ጠፋባቸው፤ በአፍ መፍቻቸው፣ በካፊኖኖ ጀምረው ተዉት። "ይሸታል" ብቻ አሉ።

"ፎቶው አይሸትም፣ እማማ" አላቸው ደጉ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅኩ። ሳቅ ይጋባል... ይጋባል እንዴ? የእትዬ አልጋነሽ ዓይን እኔ ላይ ነበር።

ተወሰነ፦ ቅሬታው መሠረት የለውም፤ ማጠቢያው ይቀጥላል።

በር ላይ ደጉ ያዘኝ። "ለቢሮዬ ትልቅ አድርገሽ አትሚልኝ።"

ዓርብ፣ ኅዳር 13
ወተት አልመጣም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 19
አላስቻለኝም፤ ሄድኩ። ያለ ፊልተር። ላሟ ጅረቷ ዳር ተኝታለች፤ ሆዷ ተነፍቷል፤ ዝንቡን እንኳ በጭራዋ አታባርርም። እትዬ አልጋነሽ አጠገቧ ተቀምጠዋል። ቀና ብለው አላዩኝም። እንዳለ አነሳሁት... አረፋውን፣ ዝንቡን፣ ሁሉንም። ስልኬ ላይ ጭኜ በቀጥታ ወደ አቶ ቀጸላ።

አገላበጠው። "ባለፈው ሌላ፣ ዛሬ ሌላ። ውሸቱ የቱ ነው?"

"የመጀመሪያው። ፊልተር ነበረው።"

"ማሳመር የምትችል ሰው አስቀያሚ ማድረግ ያቅታታል?"

ዝንቡን በጣቴ አሳየሁት።

"ኮሚቴው በዓይኑ አይቶ ወስኗል" አለና ስልኬን መለሰልኝ። በዓይኑ! አንዳቸውም ጅረቷ ድረስ አልሄዱም። በኔ ዓይን ነው ያዩት። የኔ ዓይን ደግሞ... እኔ ክፉ ነኝ። ሰነፍ ብሆን ይሻል ነበር።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 2
ላሟ ሞታለች።

እትዬ አልጋነሽ መጡ። ሊሰድቡኝ መስሎኝ ተዘጋጀሁ። ቢሰድቡኝ በስንት ጣዕሙ! ቤታቸውን ዘግተው ሺሺንዳ እህታቸው ዘንድ ሊገቡ ነው። እዚያ የሰው ቤት ነው፤ የራሳቸው የሚሉት ነገር አይኖርም። ፊታቸው አልቋል፤ አጥንት ብቻ።

"ልጄ ጅማ ነው። ፎቶ ላኪልኝ ይላል። እንዲህ ሆኜ ካየኝ ሥራውን ትቶ ይመጣል" አሉ። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። "ውሃውን እንዳደረግሽው እኔንም አድርጊኝ።"

ፊታቸው ላይ ሽሙጥ ፈለግኩ። ትንሽ እንኳ ባገኝ... የለም። ከልባቸው ነው የለመኑኝ።

አደረግኩላቸው። መብራቱን አለሰለስኩ፣ ጉንጫቸውን ሞላሁ፣ ከዓይናቸው ሥር ያለውን ጥቁረት አነሳሁ። እጄ ዛሬም ያሳምራል፤ ምን ዓይነት እጅ ነው?

አዩት። ፈገግ አሉ።

"ጎሽ፣ ልጄ። አሁን ምንም አያውቅም።"

ራሴን ዳብሰው፣ መርቀውኝ ወጡ።