አካንቢ በአያትሽ እግር ሥር የተዘረጋ ዕለት

ለቤተ ዘመድ ሁሉ ይታወቅ ዘንድ! ቀዩ አውራ ዶሯችን የጭራውን ላባ ለጎረቤት ፍየል አስረክቦ፣ በኀፍረት ከአልጋዬ ሥር ተቀምጧል። በዚህ ቤት ካለነው ወንዶች ክብሩ የተነካው ግን እሱ ብቻ አይደለም።

የልጄ ልጅ አሪንኬ፣ እንደምን ከርመሻል? የካኖ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ያ ዝምተኛ ባልሽስ ደህና ነው? እኔ ስነሳ ጉልበቴ ከሚንቋቋ በቀር ደህና ነኝ።

አያትሽ የኦሹን ወንዝ እናት ተብላ በካህንነት ከተሾመች ወዲህ ከተማው ሁሉ ይሰግድላታል። ድሮ በየማለዳው ተንበርክካ «ደህና አደርክ የቤቴ ጌታ» የምትለኝ ሴት፣ አሁን ለወንዙ ካልሆነ ጉልበቷን አታጥፍም፤ ሹመቷ ይከለክላታል። ቅር እያለኝ «ይሁን» አልኩ። ከወንዝ ጋር ማን ይጣላል?

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ፊልም ሠሪዎች መጡ። በፊልማቸው ንጉሡ በወንዙ እናት ፊት በደረቱ ተዘርግቶ ምሕረት ይለምናል። እናቲቱን አያትሽ ትሁን ተባለ። ንጉሡማ እኔ ነኝ ብዬ ሰፊውን ባለጥልፍ ቀሚሴን፣ አግባዳዬን ለብሼ ብቅ አልኩ። አዘጋጇ ልጅ አየችኝና፣ «ባባ፣ እርስዎ የተቆጣ ባል እንጂ የፈራ ንጉሥ አይመስሉም» አለችኝ። ንግሥናውን ለማን ሰጠችው መሰለሽ? ለአካንቢ! ከእኔ በፊት አያትሽን ላግባሽ ብሎ ለጠየቃት፣ ለዚያ የዘንባባ ጠጅ ሻጭ! እኔ የእሱ ጃንጥላ ያዥ ሆንኩ።

አካንቢ ተዘረጋ። ጉንዳን በአንገቱ ገባ። አዘጋጇ «በቃ!» ስትል አያትሽ ምሳዋን ልትበላ ሄደች። እሱ ግን ንቅንቅ አላለም፤ እናቲቱ ጀርባውን ነክታ «ተነስ» ሳትለው የሚነሳ ሰው በከተማችን የለም። አዘጋጇ «አባቴ፣ ቀረጻው አልቋል እኮ!» ብትለው፣ «ለወንዙስ ነግረሽዋል?» አላት። አያትሽ ተጠርታ የተቀቀለ የያም ሥር እያኘከች መጣችና ጀርባውን ዳበስ አድርጋ አስነሳችው። ዳበስ! መንካት አይበቃም ነበር?

እራቴን አልበላሁም። በማግስቱ ማለዳ እኔም በረንዳው ላይ በደረቴ ተዘረጋሁ።

«ምን ጠፋብህ፣ ሽማግሌው?» አለችኝ መጥረጊያዋን ይዛ።

«ለእናቲቱ እየሰገድኩ ነው።»

ዙሪያዬን ጠረገች። ከዚያ ሳቋ መጣ። «ቅናት ነው የጣለህ» ብላ እጇን ጀርባዬ ላይ አሳረፈች። «ተነስ» ለማለት ግን አልቸኮለችም፤ እኔም አላስታወስኳትም።

ባልሽን ትንሽ ተናገር በይልኝ። መንትዮቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። አማትሽንም እጅ ነሥቻለሁ በያቸው። አያትሽ በረከቷን ልካለች፤ ዶሮውም ሰላም ብሏል።

ኦሾግቦ፣ ጥቅምት 12 ቀን
ጃንጥላ ያዡ ወንድ አያትሽ

ጉንዳኑን ከራሴ ነው የጨመርኩት። አካንቢ ተመችቶት፣ ፈገግ ብሎ ነበር የተኛው፤ ያን መጻፍ አቃተኝ።